የአርባ ሰከንድ እንባ

ጋዜጠኞች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ከትወና ወደ ዳይሬክተርነት ምን አመጣሽ?» ይሉኛል፤ ቤት የቀየርኩ ይመስል። እኔም የለመድኩትን እመልሳለሁ። ጥበብ እላለሁ፣ ራእይ እላለሁ። ጋዜጠኛዋ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔም እነቀንቃለሁ፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ ሬዲዮ ላይ ጋብዛኝ ያንኑ ስትጠይቀኝ በቃ ሰለቸኝና «ተናድጄ ነው» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ሙዚቃ ከፈተች።

ቀልድ አልነበረም። እንዴት እንደተናደድኩ ልንገራችሁ።

ስሜ ማናልሞሽ ነው። የተወለድኩትም ያደግኩትም ሚዛን ተፈሪ ነው። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ እናቴ ከሚዛን ጋር በተያያዘችው አማን ከተማ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። አዲስ አበባ ሄጄ ተዋናይ ሆንኩ፤ አሥራ አራት ዓመት ሠራሁ። እነዚያ አሥራ አራት ዓመታት ተጠቅልለው ሲታዩ ሥራዬ አንድ ነበር፤ ማልቀስ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ሰውዬ እናት ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር የሰጠኝ የለም። ልጇ የታሰረባት እናት፣ ልጇ የተሰደደባት እናት፣ ልጇ የካዳት እናት። አንድ ጊዜ የዳኛ ገጸ ባሕርይ ሰጡኝና ደስ ብሎኝ ስክሪፕቱን ወደ ቤት ይዤ ሮጥኩ። ገልጬ ባነበው ሦስተኛው ክፍል ላይ የዳኛዋ ልጅ ተከሶ ይቀርባል፤ ዳኛዋም ችሎት ላይ ታለቅሳለች።

ችሎታው አለኝ፤ አልዋሽም። «አክሽን» ከተባለ በአርባ ሰከንድ ውስጥ እንባዬ ይመጣል። መጀመሪያ የሚወርደው ከግራ ዓይኔ ነው። ካሜራማኖች ይህን ስለሚያውቁ ሳልነግራቸው በግራ በኩል ይቆማሉ። ለወጣቶቹም አስተምሬያለሁ። ትንፋሽን ይዞ፣ ዓይንን ሳያርገበግቡ አንድ ነጥብ ላይ ማፍጠጥ ነው። ሐዘን አያስፈልገውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ስለ አንድ የቡና ነጋዴ ቤተሰብ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ላይ እናት ሆኜ ተመረጥኩ። ዳይሬክተሩ ይሄይስ ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ አጠር ያለ፣ ክረምት ከበጋ አንገቱ ላይ ትንሽ ፎጣ የማያጣ ሰው ነው። ቀረጻው በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ነው ሲባል ልቤ ዘለለ። አገሬ ልገባ ነው። ቢሮው ሄድኩ።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት።

«ሚያዝያ።»

«ይሄይስ፣ በሚያዝያ እኮ ቀይ ቡና የለም። ለቀማው ከመስከረም ወዲያ ነው። አሁን ፍሬው ገና ቁንዶ በርበሬ ነው የሚያክለው። ስክሪፕቱ ላይ ግን ስድስት የለቀማ ትዕይንት አለ።»

ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ማኒዬ፣ ቡና ቡና ነው» አለኝ። «አንቺ ማልቀስሽ ላይ አተኩሪ።»

ሄድን። ቡናው እንዳልኩት አረንጓዴ ነበር። ይሄይስ ማሳው መሀል ቆሞ እኔ ያደረግኩት ይመስል ዞር ብሎ ገላመጠኝ። ከዚያ መፍትሔ ተገኘ። በሚዛንና በአማን ሱቆች ውስጥ የነበረ ቀይ የጥፍር ቀለም በሙሉ ተገዛ። ሦስት የሜካፕ ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያችን ቁንዶ በርበሬ የምታክል ፍሬ አንድ በአንድ ቀቡ። ማሳው ውስጥ የውበት ሳሎን ሽታ ሸተተ። ከርቀት ሲታይ ቡናው ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል።

ማሳው ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ ያለ፣ እማማ በየነች የሚባሉ የስድሳ ዓመት ሴት ማሳ ነው። ለቀረጻው የፈቀደው ወንድማቸው ነበር፤ ቀለሙን ለእሳቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዛፎቻቸውን አዩ። አንዱን ቅርንጫፍ ያዙ፣ ፍሬውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ፣ አሸተቱት። ከሰዉ ሁሉ መርጠው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ምን በሽታ ነው?»

«የፊልም ነው፣ እማማ።»

«ይተላለፋል?»

ምን ልበላቸው? ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይሄይስ ግን ከሩቅ ሲያያቸው ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ማውለብለብ ጀመረ። «ይህ ፊት! ይህን ፊት ነው ስፈልግ የከረምኩት!» አለ። እዚያው ላይ ሥራ ሰጣቸው። በታሪኩ ውስጥ የእኔ አንድ ልጅ ቡና የጫነ መኪና ተገልብጦበት ይሞታል፤ መርዶውን ይዛ የምትመጣው ጎረቤት እማማ በየነች ሆኑ። የሚሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነበር፤ «እመቤቴ ሆይ፣ ልብሽን የሚሰብር፣ የአንድ ልጅሽን መርዶ ተሸክሜ ደጃፍሽ ቆሜያለሁ።»

እኔ ሚዛን ሃያ ዓመት ኖሬ ደጃፌ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አዲስ አበባም የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር በአፉ ተናግሮት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እማማ በየነች የአፍ መፍቻቸው ቤንችኛ ነው፤ አማርኛን ያወቁት ገበያ ላይ ነው። ሞከሩ። በስድስተኛው ሙከራ «መርዶ» የሚለውን ዘለሉት። በዘጠነኛው «ሆይ» ሲሉ ራሳቸው ሳቁ። ይሄይስ ፎጣውን እየጠመዘዘ መጣ።

«እንደ ቤንች ሰው ተናገሪ» አላቸው፤ ታላቅ እህቱ የሚሆኑትን ሴት አንቺ እያለ።

«እኔ ቤንች ነኝ። እየተናገርኩ ነው።»

«እሱማ ነው፤ ግን አማርኛው ትንሽ ሰበር ይበል። ሰበር አድርጊው።»

እማማ በየነች ትንሽ አሰቡ። «ሃያ ዓመት ገበያ ላይ ስጠግነው የኖርኩትን አሁን ልስበርልህ?»

ካሜራው ጀርባ የነበረው ሕዝቅያስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ካሜራው ተንቀጠቀጠ። ይሄይስ አልሳቀም። እስከ አሥራ ሰባት ጊዜ አስደገማቸው። በአሥራ ሰባተኛው ፎጣውን መሬት ላይ ወርውሮ «ሰው አጣሁ! በዚህ ሁሉ አገር ሰው አጣሁ!» እያለ ወጣ። እሳቸው ፊት። እኔ ደግሞ አሥራ ሰባት ጊዜ አልቅሼ ግራ ዓይኔ አብጦ ነበር።

ውጪ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ አይቀየሙ። ዓረፍተ ነገሩ ነው የተበላሸው እንጂ እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«እኔ እኮ እንዲህ አልተነገረኝም» አሉ።

«ምን?»

«ወንድሜ ሲሞት። ሦስት ወንድም ነበረኝ። አንዱ ቴፒ መንገድ ላይ መኪና ገደለው። እኔ ቤት ነበርኩ፤ ጎደሬ ጥጃለሁ። ጎረቤቴ ገባች። ሰላም የለም፣ እንዴት ዋልሽ የለም። ድስቱን አወረደች። ከዚያ እንጨቱን ከምድጃው አንድ አንድ እያለች ማውጣት ጀመረች። እኔ አያታለሁ። የሰው ቤት እሳት ማን ያጠፋል? ዛሬ እዚህ ቤት እንደማይበላ እሷ አውቃለች። ሦስተኛውን እንጨት ስታወጣ ‹የትኛው ነው?› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስሙን ነገረችኝ።»

ተነሥቼ ይሄይስ ጋ ሄድኩ። ሩጫ ነበር ማለት ይቀላል። የሰማሁትን ነገርኩት። ዓረፍተ ነገሩን እናውጣው፣ እሳቸው ገብተው እሳቱን ያጥፉ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም አልኩት። እሱ ስልኩን እየነካካ አዳመጠኝ፤ ያ ማዳመጥ ከተባለ።

«ተመልካች ቴሌቪዥን የሚከፍተው ድስት ሲወርድ ለማየት አይደለም» አለ። «ማኒዬ፣ አንቺ ማልቀስሽ ላይ አተኩሪ።»

በማግስቱ ይሄይስ አብዛኛውን ሰው ይዞ ቴፒ ሄደ። እዚያ አንድ የዝንጅብል መጋዘን ውስጥ የልጄን እጮኛ የምትሠራው ዲቦራ የምትቀረጽበት ትዕይንት ነበር። ሚዛን የቀረነው እኔ፣ ሕዝቅያስ፣ አንድ የድምፅ ሰውና ሁለተኛው ካሜራ ነን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሲወርድ ቀጠሮ አይጠይቅም። ይሄይስ ደወለ። መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል፤ ማለፍ አልተቻለም።

«ዛሬ አልደርስም» አለኝ። «ሕዝቅያስ ዛፍ ዛፉን፣ በር በሩን ይቅረጽ። ሌላ ነገር እንዳትነ...» ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሕዝቅያስ ዞርኩ። «የቤት ውስጡን ቅረጹ ብሏል» አልኩት። ዋሸሁ። ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ሕዝቅያስ ጠርጥሮኛል፤ ፊቱ ላይ አነበብኩት። ግን በዝናብ ዛፍ መቅረጽ ከእኔ በላይ ሰልችቶት ነበር። እማማ በየነችን በባጃጅ አስመጣናቸው። ካሜራውን ከምድጃው ጎን፣ መሬት ላይ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት።

«ማኒ፣ ከዚህ እኮ ግራ ዓይንሽ አይታይም» አለኝ።

«አይታይ።»

ለእማማ በየነች የነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጎረቤትዎ እንዳደረገችው ያድርጉ።» እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጎደሬ መላጥ ጀመርኩ። ሕዝቅያስ እየቀረጽኩ ነው አለ። ገቡ። እኔን አላዩኝም። ድስቱን አወረዱ። ጎንበስ ብለው አንደኛውን እንጨት አወጡ፤ ጫፉን አመድ ውስጥ አሻሹት። ሁለተኛውን አወጡ። ቤቱ እየጨለመ ሄደ። እኔ መላጤን ማቆም ነበረብኝ፤ ከሕዝቅያስ ጋር እንደዚያ ነበር የተባባልነው። እጄ ግን አልቆመም። አንዱን ጎደሬ ልጬ ልጬ ከውስጡ ምንም ሳይቀር እላጣለሁ። አርባ ሰከንዱ አለፈ። እንባ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። ሦስተኛውን እንጨት ካወጡ በኋላ መጥተው ቢላውን ከእጄ ወሰዱት። ይህን አልተነጋገርንበትም ነበር። ያኔ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ከት» የሚል ሰው ጠፋ። የምለው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እዚያ የለሁም። ሕዝቅያስም ዝም ብሎ ይቀርጻል። በመጨረሻ እማማ በየነች ቢላውን እንደያዙ «አለቀ ወይስ ሌላ እሳት ላጥፋ?» አሉ።

አንድ ጊዜ እንድንደግመው ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ትናንት አሥራ ሰባት ጊዜ ገደልነው፤ ዛሬ አንዴ ይብቃው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሕዝቅያስ የቀረጸውን በትንሿ ስክሪን አሳየኝ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ራሴን ሳየው ስለ አፍንጫዬና ስለ እንባዬ ያላሰብኩት ያኔ ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ጎደሬ ትልጣለች። ሴትዮዋን አየሁ፤ እኔን ረሳኋት።

ይሄይስ በማግስቱ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ መጣ። አየው። ሁለት ጊዜ አየው። ፎጣውን አጥብቆ ያዘ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«አንቺ ተዋናይ ነሽ ወይስ ዳይሬክተር?»

«እሱን እኔም ዛሬ ሌሊት ሳስበው ነው ያደርኩት።»

ፈነዳ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ መከባበር፣ ስለ ፕሮዲውሰሩ ብዙ ተናገረ። ከዚያ በድንገት ድምፁ ወረደና የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። «እኔስ ለምን ዳይሬክተር የሆንኩ ይመስልሻል? አሥራ አንድ ዓመት ተዋናይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ዘበኛ ሆኜ። ‹ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል› ነበር የምለው። አንድ ቀን ዳይሬክተሩን ‹ይህ ዘበኛ እኮ የሚያስበው ነገር ይኖረው ይሆናል› ስለው ‹አንተ በሩን ክፈት› አለኝ። ያን ቀን ነው በቃኝ ያልኩት።»

«ታዲያ አንተን ያንገበገበህን ነገር መልሰህ እኔ ላይ?»

«ሥራው እንደዚያ ነው» አለ። አላፈረም። እንዲያውም ጥሩ ነገር እንዳስረዳኝ ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መልሶ ሊቀርጸው ጊዜ አልነበረውም፤ እማማ በየነችም ለሁለተኛ ጥሪው «ከብት እየጠበቅኩ ነው» ብለው ላኩ። ስለዚህ ትዕይንቱ ገባ። ክረምት ላይ ድራማው መታየት ጀመረ። ያ ክፍል የሚተላለፍበት ቀን ቴሌቪዥኔ ፊት ለብቻዬ ተቀመጥኩ። በሩ ተከፈተ። እማማ በየነች ገቡ። ድስቱን ሲያወርዱ መሰንቆ ጀመረ። ማንም ሳይጠራው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መሰንቆ። ሁለተኛው እንጨት ሲወጣ ደግሞ ለቅሶ ሰማሁ። የሴት ለቅሶ፤ ስቅስቅ ያለ። መጀመሪያ ጎረቤት መሰለኝ። ከዚያ አወቅኩት። የራሴ ድምፅ ነው። ዘጠነኛው ክፍል ላይ ያለቀስኩትን ቆርጠው እዚህ ለጥፈውታል። ስክሪኑ ላይ አፌ ተዘግቷል፤ ጎደሬ እልጣለሁ፤ ለቅሶዬ ግን ከግድግዳው ይወጣል።

ትዕይንቱ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ነበረች። «ማንዬ፣ እንዴት አድርገሽ አለቀስሽ በእናትሽ! አንጀቴን በላሽው!» አለችኝ። ከእሷ በኋላ አሥር ሰው ደወለ። ሁሉም ያመሰገነኝ ለዚያ ለቅሶ ነው።

ለይሄይስ ደወልኩለት። «ዝም ያለች እናት ለተመልካች ግራ ነች» አለኝ። «ውጤቱን አየሽ አይደል? ሕዝቡ ወዶታል።» ስልኩን ዘጋሁና ወንበሩን በርግጫ መታሁት፤ የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ሁለት ወር ጠቆረ። ዳይሬክተር የሆንኩት ያኔ ነው። ራእይ የታየኝ ነገር የለም።

የራሴን ፊልም የሠራሁት በዓመቱ ጥቅምት ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ የቴሌቪዥን ፊልም። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣሁት አልተርክም፤ እሱ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቷ የሞተባት አንዲት ወጣት ሚዛን ስትመጣ አባትየው ቱም ከተማ ላይ ሌላ ሚስትና ሌላ ቤት እንደነበረው ትሰማለች፤ ሴትየዋን ፍለጋ ትሄዳለች። ወጣቷን ዲቦራ ሠራች። የቱሟን ሴት ማን እንደሠራች ለመገመት አይከብድም። እማማ በየነች የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሆይ አለበት?» የለበትም አልኳቸው፤ እሺ አሉ።

ዳይሬክተርነት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ተዋናይ ሳለሁ ማንም ምንም አይጠይቀኝም ብዬ እናደድ ነበር። አሁን ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ሸሚዙ ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቡናማ? ለጾመኞቹ ምሳ ምን ይምጣ? በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጪ? ባጃጆቹን ማን ያስቁም? ባጃጆቹን ማንም አላስቆመም። ጸጥታ በተፈለገ ቁጥር አንዱ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፋል፤ ሹፌሩ ደግሞ እጁን አውጥቶ ሰላም ይለናል። ሕዝቅያስ ብርሃኑ ሊያልፍ ነው ይላል። ደመናው ይመጣል። ዝናቡ ይመጣል። ሁላችንም አንዲት ቆርቆሮ ሥር ተጠጋግተን ቆመን፣ አርባ ዓይን እኔን ያየኛል፤ ዝናቡን እኔ እንዳዘዝኩት።

በአምስተኛው ቀን የዲቦራ ትልቁ ትዕይንት ነበር። የአባቷን ኮት በማታውቀው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያለች። ብርሃኑ ሃያ ደቂቃ ቢቀረው ነው። አምስት ጊዜ ሞከርን፤ የሆነ ነገር ጎድሏል፤ ምን እንደሆነ ግን ልነግራት አልቻልኩም።

«ማኒዬ» አለችኝ፤ «ኮቱን ስታይ የምትስቅ ይመስለኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቅ ነው። ልሞክረው?»

ሰዓቴን አየሁ። ደመናውን አየሁ። «ዲቢዬ፣ ጊዜ የለንም። አልቅሺ» አልኳት።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሕዝቅያስም ሰማው፤ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ካሜራው ላይ አቀረቀረ። ዲቦራ ግን አልተከራከረችም። ትንፋሿን ያዘች፣ ኮቱ ላይ አፈጠጠች፣ በአርባ ሰከንድ ውስጥ እንባዋ ወረደ። እኔ እንዳስተማርኳት። ቆንጆ እንባ ነበር። ለቀረጻ የሚሆን፣ ጥርት ያለ። ፊልሙ ውስጥም አስገባሁት፤ ሌላ አልነበረኝምና። ማታ ይቅርታ ልጠይቃት ክፍሏ ሄድኩ። ተኝታለች አሉኝ። ጠዋት ስንገናኝ የዕለቱ ጥያቄዎች ቀድመውኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ይሄይስን እንደ ድሮው ልጠላው እየሞከርኩ የሚያቅተኝ ለዚህ ነው፤ ይህም ያናድደኛል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ለሚዛንና ለአማን ሰው ይታይ ብዬ አማን ላይ አንድ አዳራሽ ተከራየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንን። ሰው ከጠበቅኩት በላይ መጣ፤ የአባቴ ተማሪዎች የነበሩ፣ የእናቴ ደንበኞች፣ ከሸዋ ቤንች በእግራቸው የመጡ። እማማ በየነች ሦስተኛው ረድፍ ላይ አዲስ ሻሽ አስረው ተቀመጡ። ፊልሙ ተጀመረ። ሰዉ ጸጥ አለ። ዲቦራ ቱም ደረሰች። በሩን አንኳኳች። በሩ ተከፈተ፤ የእማማ በየነች ፊት ስክሪኑን ሞላው። እና መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተር አለ። ጄኔሬተሩ ያለበት ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ሰውዬ ሰርግ ሄዷል። ስልኩ አይሠራም። እኔ ጨለማው ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተራወጥኩ የሰውዬውን ስም እየጠራሁ እጮኻለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ነገር በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል።

ሰዉ ግን አልወጣም። ክርክር ተጀመረ። «አታስገባትም!» አለ አንድ ሰው። «ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለች ሌላዋ። «የአባቷን ንብረት ልትወስድ እኮ ነው የመጣችው!» «ማን አለህ? ፊቷን አላየህም?» ጭቅጭቁ እየጋለ ሄደና አንድ ሽማግሌ «የፊልሙ ባለቤት እዚህ ቆማ የለም እንዴ? ትጨርስልና!» አሉ። ከዚያ ሁሉም «ጨርሺልን!» ማለት ጀመረ። ሰዎች የስልካቸውን መብራት አበሩብኝ።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ በንዴት እንደ ዜና ነበር የማወራው። ገባች፣ ተቀመጠች፣ እንዲህ ተባባሉ። ቀስ በቀስ ግን ዲቦራን ሆኜ ማንኳኳት ጀመርኩ፤ ከዚያ የቱሟን ሴት ሆንኩ፤ «አባትሽ ስለ አንቺ ነግሮኛል» አልኩ።

«እንደዚያ አላልኩም!» የሚል ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ መጣ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እማማ በየነች ተነሥተው፣ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መድረኩ ላይ ወጡ።

«እማማ፣ እንዲህ ወደዚህ ዞር ይበሉ፤ ሰው እንዲያይዎት» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅቷን ሁኚ፤ እኔን ተዪኝ» አሉኝ።

ልጅቷን ሆንኩ። በአርባ አምስት ዓመቴ፣ በስልክ መብራት፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ጀመርን። እሳቸው ካሜራ ፊት ያላሉትን ነገር ይላሉ፣ እኔ ያልጻፍኩትን እመልሳለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኮት ጋ ስንደርስ ሳቅ መጣብኝ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሳቅኩ።

ልክ ያኔ መብራቱ መጣ። የማሳያው ማሽን ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ ለቀቀው። የሚዛን ኮረብታ፣ ጭጋጉ፣ የአባትየው ቀብር፣ ሁሉም በቀሚሴና በእማማ በየነች ሻሽ ላይ ይሄዳል። ከኋላ ያሉት «ዝጉት! ዝጉት!» ይላሉ። ከፊት ያሉት «ተዉት፣ ፊልሙን ልናይ ነው የመጣነው!» ይላሉ። የማሽኑ ሠራተኛ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ይህም ጥያቄ ለእኔ ነው። ልዝጋ ወይስ ይቀጥል?

ጀርባዬን ሰጠሁት። እማማ በየነች ክንዴን ይዘውኝ ነበር። «ልጅቷ ከሳቀች በኋላ ምን ትላለች?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እየጠበቅኩሽ ነው።»